ፎጣው በትርንጎ እጅ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ቦክሰኛ አያመውም። ቡጢው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ሕመሙ ግን ከመድረኩ ጥግ አምባር አጥልቆ ወደሚቀመጠው የሥጋ ዘመዱ ይሄዳል። ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያውን ማስቆም የሚችለውም ይኸው ዘመድ ብቻ ነው።

ለይርሳው የምትቀመጥለት ታላቅ እህቱ ትርንጎ ነበረች። ቤት ውስጥ እሱ በተረፉት ጥርሶቹ ቆሎ ሲቆረጥም፣ እሷ አንድም ጥርስ ሳይጎድልባት ዳቦ በሻይ እያራሰች ትውጣለች።

በሰባተኛው ዙር መንጋጋዋ የተሰነጠቀ መሰላት። ዙሩ ሲያበቃ ይርሳው ደም እየተፋ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"ይብቃህ፤ ልወርውረው" አለችው።

"ስሞትልሽ እትዬ! እኔ እኮ ምንም አልሆንኩም። አንድ ዙር ብቻ ቻይልኝ።"

እንደ ሁልጊዜው ቻለችለት።

በስምንተኛው ዙር መሐል ሕመሙ ድንገት ጸጥ አለ። "ተመስገን! መሸሽ ጀመረልኝ" ብላ የነከሰችውን ጥርሷን ላላ አደረገች። ቀና ስትል ግን ይርሳው ገመዱን ተደግፎ ቆሟል። እጆቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ተጋጣሚው ጆሮ ግንዱን እንደ በርበሬ ይወቅጠዋል፤ የእሷ ጆሮ ግንድ ግን ዝንብ እንኳ ያረፈበት አይመስልም።

ፎጣውን ወረወረችው። ይርሳው በገመዱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

ዘልላ ገብታ ጭንቅላቱን ታቀፈችው። ምንም የማያማትን መንጋጋዋን በመዳፏ ጫን ጫን እያደረገች ሕመሙን ለመነችው፤

"ተመለስ! በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ተመለስ!"