ስም ያጡ ስምንት ድምፆች

ሩሀማ የመዘምራኑን ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ቪዲዮ ማቀናበሪያው አስገባች፤ ለሦስተኛ ጊዜም ስሞቹ ጠፉ። ድምፅ ቀራፂው ኤልናታን ለየብቻ በተቀዱት ስምንት ትራኮች ላይ የየዘማሪዋን ስም ጽፎ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን “ትራክ አንድ፣ ትራክ ሁለት” እያለ ያደርቃታል።

“ዜማውን የሚያበላሸው አራተኛው ነው” አሉ የመዘምራኑ መሪ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ፒያሳ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮ ከጀርባዋ ቆመው። “የአዲሷ ልጅ የሮሆቦት ነው። አጥፊው! እሷንም ከነገ ጀምሮ አሰናብታታለሁ።”

“እትዬ፣ የማን እንደሆነ ሳላረጋግጥ አላጠፋም!” ሩሀማ ኤልናታን ጋ ደወለች። “ስሞቹን እየበላብኝ ነው!”

“ስታስገቢው ‘የትራክ ስም ይቆይ’ የሚለውን መርጠሻል?”

አልመረጠችም ነበር። በራሷ እየተናደደች መረጠችና እንደገና አስገባችው። ስሞቹ ተደርድረው ወጡ፤ አራተኛው ላይ “ወርቅነሽ” ይላል።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ማዳመጫውን ከሩሀማ አንገት አውልቀው ጆሯቸው ላይ አጠለቁት፤ ብቻውን የሚዘምረውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

“እሱን ዝቅ አድርጊው” አሉ ቀስ ብለው። “የሮሆቦትን ከፍ።”