ሃያ ዘጠኝ ባይት

ኮምፒውተሩ ለአራተኛ ጊዜ «ሃያ ዘጠኝ ባይት ትርፍ» አለ። ፕሮግራሙ ለበሽተኛ መድኃኒት በጠብታ የሚሰጥ ፓምፕ የሚነዳ ነበር። ናርዶስ ማንም መሐንዲስ በሚያነበው በሲ ቋንቋ ብትጽፈው ከትንሿ ቺፕ አልገባ አላት። ጋሼ መልከጸዴቅ በማሽኑ በራሱ ቋንቋ፣ በአሴምብሊ የጻፉት የድሮው ግን ሰተት ብሎ ይገባል፤ የሚያነበው ከእሳቸው በቀር የለም እንጂ።

«ጋሼ፣ በቃ በእርስዎ ይሂድ» አለች።

«ሐኪሙ ያለኝን ሰምተሻል» አሉ፣ የሰፈራቸውን የዋይት ሴንተርን ዝናብ በመስኮት እያዩ። «ከፋሲካ በኋላ ፓምፑ ቢሳሳት ማንን ኮል ልታደርጊ ነው?»

ከዚያ በጣታቸው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አሳዩዋት። ሥራ በጀመሩ ቁጥር አናቱ ላይ የሚያስቀምጡት በስመ አብ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሠላሳ አንድ ባይት። ማሽኑ አያነበውም፤ ቦታ ግን ይይዛል። ናርዶስ ጴንጤ ብትሆንም ፕሮግራሙን ወደ ሲ ስትገለብጥ ሳትነካው ነበር ያለፈችው።

«አጥፊው።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንቺ። የኔ እጅ እሺ አይለኝም።»

አጠፋችው። ፕሮግራሙ ገባ፤ ሁለት ባይትም ተረፈ። ሁለቱም አልተደሰቱም።

ብርሃን ገብቶ የተጻፈውን እንዳያጠፋ የቺፑ መስታወት ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ጋሼ አንዱን ወረቀት አንሥተው፣ በደቃቅ የአማርኛ ፊደል በስመ አብ ብለው ጻፉበት። እጃቸው አልታዘዝ እያለ ብዙ ቆዩ። ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

ለሁለተኛው ቺፕ የሚሆነውን ወረቀት ሊያነሡ ሲሉ ናርዶስ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ተቀበለች።