ማተሚያውን ማን ነካው

ቁልፍ የያዘ ሁሉ ሌባ ነው ትላላችሁ? የኮሌጁ መምህራን ግን ብለዋል። ጸድቆ የተዘጋ የተማሪ ውጤት በስውር እየተቀየረ ሲያስቸግር፣ በዋናው ኮምፒውተር ላይ ሙሉ ሥልጣን ያላት ባለሙያዋ ትርንጎ ብቻ ናትና ጣታቸውን እሷ ላይ ቀሰሩ። ከሁሉም በላይ የጮኹት ምክትል ዲኑ ዶክተር አጥናፉ ነበሩ።

«እህቴ፣ ሳናባርርሽ በፊት በክብር ልቀቂ» አሏት።

አለቀቀችም። ስትፈትሽ ጉዱን አገኘችው። ሰነድ የሚያሳትመው ፕሮግራም ያለ ቅጥ ሙሉ ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ብልሃቱን የሚያውቅ ሰው ለኅትመት በሚልከው ሰነድ ውስጥ ትእዛዝ ሸጉጦ የኮምፒውተሩ ጌታ መሆን ይችላል። ለማንም ትንፍሽ ሳትል ያን ሥልጣን ገፈፈችው። ማተሙን እንደ ወትሮው ያትማል።

በማግስቱ ጉባኤው ሊያባርራት ተሰበሰበ። ዶክተሩ ቀድመው ተነሡ።

«ይቺ ልጅ ሥራ አታውቅም ስል አልሰማ አላችሁኝ። ይኸው ማተሚያውን ነካክታ፣ ትናንት አንድ ውጤት ማስተካከል አቅቶኝ ዋልኩ።»

ትርንጎ ብድግ አለች።

«ዶክተር፣ ማተሚያና የተማሪ ውጤት ምን አገናኛቸው? እዚሁ፣ በሁሉም ፊት ይመልሱ።»