ገርቢት በሳሎን ስትገባ

ወንዞች እንደልባቸው እንዲሄዱ ከታወጀ ወዲህ፣ ትንሿ ገርቢት በየክረምቱ መንገዷን ትቀይራለች። ከምንጯ ወርዳ፣ ወፍጮ ቤቱን ዞራ ከትልቁ ወንዝ ትቀላቀላለች፤ መሃሉን ግን እሷ ናት የምታውቀው። ዘንድሮ የወንዝ ጠባቂው የመንገዷን ችካል የተከለው በወይዘሮ አስካለች ሳሎን ውስጥ ነው።

«መንገዷ ላይ አንድ ግንድ እንኳ መቆም የለበትም» አለ እያፈረ።

«ምሰሶውስ?» አሉ ባላቸው አቶ ወርዶፋ። ምሰሶው ላይ፣ ዛሬ ባሕር ማዶ ያለችው ልጃቸው ቁመት በየእንቁጣጣሹ በቢላ እየተበጣ ተለክቶበታል።

አስካለች ሳቁ። «አርባ ዓመት እንስራ ተሸክሜ ወደ እሷ ወርጃለሁ። አንድ ጊዜ እሷ ብትመጣ ምን አለበት? ይነቀል።»

ጣሪያውን ከመንገዷ ዳርና ዳር በባላ ደገፉት። በሳምንቱ ገርቢት ሳሎኑን ለሁለት ከፍላ አለፈች፤ መኝታ ቤቱ ወዲያ፣ ማጀቱ ወዲህ ቀረ። አስካለች ምሰሶውን በላይዋ አጋድመው ድልድይ አደረጉት። መቆም እንጂ መጋደም አልተከለከለም።

«ምሳ ደርሷል፤ ተሻገር እንጂ» ብለው ተጣሩ።

ወርዶፋ ጫማቸውን አውልቀው፣ በቢላ የተበጡትን ምልክቶች በእግራቸው እየዳሰሱ መጡ። መሃል ላይ፣ አንዱ ምልክት ላይ ቆሙ።

«ምነው? ወጡ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ቆይ» አሉ ወርዶፋ፣ «ገና አምስት ዓመቷ ነው።»