የናብራ ግድግዳ

ጭቃው ለሁለተኛ ጊዜ ከግድግዳው ተላጠና ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ወደቀ። ናብራ እስከ ክርኗ በጭቃ ተለውሳ ቆማ አየችው፤ ከዚያ በእግሯ ገፋችው።

«እኔስ ነግሬሽ ነበር፣» አለች ጎረቤቷ ሆካ፣ መቃኑን ተደግፋ። «ይሄ የመንግሥት ሲሚንቶ ነው እቴ። የኛን ጭቃ አይቀበልም።»

«ሳይወድ በግዱ ይቀበለዋል!»

ግድቡ ተሠርቶ የአባይ ዳር መንደራቸውን ውሃ ሲውጠው፣ ሕዝቡን በባቡር አምጥተው እዚህ ሜዳ ላይ አሰፈሩት። የተሰጧቸው ቤቶች በራቸውም፣ መስኮታቸውም፣ መኝታ ክፍላቸውም አንዱ ካንዱ አይለይም። የናብራ ባል ሸላሊ ደግሞ ዓይኑ ደከም ያለ፣ ግን ኩራቱ ያልደከመ ሰው ነው። ትናንት ከቀትር ሶላት ሲመለስ ዘው ብሎ ገባና ጫማውን አውልቆ ጋደም አለ። የገባው ሆካ ቤት፣ የተጋደመውም ሆካ አልጋ ላይ ነበር!

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። የሰፈር ሕፃን ሳይቀር «አባ ሸላሊ፣ ዛሬስ ማን ቤት ነው የሚያድሩት?» አለው። ሸላሊ ጠዋት ከረጢቱን አሰረና፣ «በማታው ባቡር ወደ አገሬ እመለሳለሁ፤ ውሃው ያልደረሰበት ኮረብታ ላይ ዳስ ጥዬ እኖራለሁ። ቤቱን የማያውቅ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ ዘመዶቹን ሊሰናበት ወጣ።

ናብራ አልለመነችውም። ሸላሊን ልመና መልሶት አያውቅም። ግን ልጆቿም የልጅ ልጆቿም እዚህ ናቸው፤ እነሱን ጥላ መሄድ አትችልም፣ እሱንም ሸኝታ መቅረት አትችልም። ቤቱን የሚያውቅበት ነገር ለማበጀት ያላት ይቺ ከሰዓት ብቻ ናት።

«ያን መጥረቢያ አቀብዪኝ።»

«ደግሞ በመጥረቢያ ምን ልታደርጊ?»

«ግድግዳውን ልወቅረው!»

«ወላሂ አብደሻል!» አለች ሆካ፤ አቀበለቻት ግን። ናብራ በአልጋው አንጻር ያለውን ግድግዳ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ትወቅረው ገባች። ለስላሳው ሲሚንቶ ተበሳስቶ ሸካራ ሲሆን፣ ጭቃው ላይ ጭድ ጨመር አድርጋ በመዳፏ መረገችው። ሁለቱም ሴቶች ቆመው ጠበቁ። ጭቃው ንቅንቅ አላለም።

«እሰይ!» ብላ ሆካ እልል ልትል ስትል ናብራ አፏን በጭቃ እጇ ከደነችው። «ቆይ! መንደሩን ልትጠሪብኝ ነው?»

ሳህኖቹን ከሣጥን አወጣች። ከሙሽርነት እልፍኟ ግድግዳ ላይ አንድ በአንድ ፈልቅቃ፣ ባቡር ላይ ታቅፋ ያመጣቻቸው ናቸው። ያኔ ሸላሊ «ሲሚንቶ ላይ ሳህን አይበቅልም፤ ተያቸው» ብሏት ነበር። አሁን ባለ አበባውን መሃል፣ ሰማያዊዎቹን ዙሪያውን እየጫነች እርጥቡ ጭቃ ውስጥ ተከለቻቸው። ቀይና ጥቁሩን የዘንባባ ምንጣፍ በጎን ሰቀለችው።

የቀረው የጠፍር አልጋው ነበር። ሁለቱ ከወዲያና ከወዲህ ያዙና ብድግ አደረጉት፤ ሆካ ግን ግራ ገባት። ባገራቸው ሁሉም ነገር የሚቀመጠው ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ነው፤ ቤቱም በሩም አልጋውም።

«ወንዙ በየት በኩል ነው?» አለች። «ስንት ወር ሆነኝ፣ እኔም አልጋዬን ወዴት እንደማዞር ጠፍቶኛል።»

«በዚያ በኩል፣» አለች ናብራ፣ በአገጯ ሳህኖቹን እያሳየች። «ከዛሬ ጀምሮ ወንዙ በዚያ በኩል ነው። ቤቱ የኔ አይደል? እኔ ነኝ የምለው።»

አልጋውን ወደ ሳህኖቹ አዙረው፣ አስጠግተው እንዳስቀመጡት የሸላሊ ከዘራ በር ላይ ተሰማ። ከረጢቱን ሊወስድ ነው የመጣው። አንድ እግሩን አስገብቶ ቀና አለና ክው ብሎ ቀረ።

«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ፊቱን በእጁ ጋረደ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ እናቶቼ! ዛሬም ተሳሳትኩ!» ዞሮ ሊሮጥ ከዘራው መቃኑን መታው።

ሆካ በሳቅ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለች። ናብራ ግን አልሳቀችም። «ሸላሊ! ወዴት ነው የምትሮጠው? ቤትህ እኮ ነው!»

ሸላሊ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ግድግዳውን አየ፣ አልጋውን አየ፣ ጭቃ የለበሰች ሚስቱን አየ። ቀረብ ብሎ ባለ አበባውን ሳህን በጣቱ ነካ። ናብራ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

ሸላሊ በከዘራው ወደ አንዱ ሳህን ጠቆመ።

«ያ ሰማያዊው ሳህን ተጣሟል፣» አለ።

የናብራ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ባገራቸው ሳሉ ሸላሊ ወጡ ጨው በዛበት፣ ምንጣፉ ተንጋደደ ሳይል የዋለበት ቀን የለም፤ እዚህ ከገቡ ወዲህ ግን አንድም ነገር ነቅፎ አያውቅም። በሰው ቤት ዕቃ ማን ይነቅፋል?

«ተጣሟል እንዴ?» አለች፤ እንባዋን በጭቃ ክንዷ ስትጠርግ ፊቷን መረገችው።

«ዕውር እንኳ ያየዋል! እስቲ ወዲያ በሉ።» ከዘራውን ጥሎ፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ላይ ወጣና ሁለት እጁን ጭቃው ውስጥ አስገባ።

«ባቡሩስ፣ ወንድሜ ሸላሊ?» አለች ሆካ፣ ሳቋን እያፈነች።

«ጭቃው ሳይደርቅ ወዴት ይኬዳል?» አለ። ከግድግዳው ዓይኑን ሳይነቅል መዳፉን ወደ ኋላ ዘረጋ። «አንቺ ሴትዮ፣ ምን ቁጭ ትያለሽ? ሌላ ሳህን አቀብዪኝ እንጂ!»