ከተራራው መቃብር የመጣ ካርድ

የዓይን ሐኪሙ እታለማሁን አራት ነገር ከለከላት፤ ማጎንበስ፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ ዓይን ማሸትና ማልቀስ። ለስድስት ሳምንት። አንዱ ዓይኗ ድሮ ጠፍቷል፤ የቀራት ይኸው የተሰፋው ነው። ስቅስቅ ብላ ካለቀሰች ስፌቱ ይፈታል፣ ከተፈታ ደግሞ መመለሻ የለውም። ያን ዕለት «ምን የሚያስለቅስ ነገር አለኝና?» ብላ ሳቀች።

ባሏ ከፈለ የረጅም መንገድ ትራክ ነጂ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ልትገባ ስትል ከኮሎራዶ ደውሎ፣ ስትነቂ ድምፄን ትሰሚያለሽ አላት። ነቃች። አልደወለም። በማግስቱም አልደወለም።

ጓደኛው ንጋቱ፣ እሱም የትራክ ሰው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ድረስ መጥቶ ነገሩን አስረዳት። የከፈለ ስልክ ተራራው ላይ ወድቆ ተሰብሯል፤ ካምፓኒው ደግሞ ወደ ምዕራብ ሌላ የጭነት ሎድ ሰጥቶታል። በሰው ስልክ ኮል አድርጎልኝ ነበር፣ እርስዎ ተኝተው ነው አላት። ለጓደኛው በሰው ስልክ የደወለ ለሚስቱ መደወል ምን ከለከለው? አልጠየቀችም። በሆዷ ግን አስቀመጠችው።

ተራራው የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። ከፈለ በዚያ በኩል ካለፈ ቡፋሎ ቢል የተቀበረበት ተራራ ሳይወጣ አይመለስም። ሰውየው በዘመኑ የጦር መንገድ መሪና አዳኝ ነበር፤ ኋላ ፈረሰኛ ሰብስቦ በየአገሩ ትርኢት ያሳይ ጀመር። ከፈለም በወጣትነቱ ኦሞ ሸለቆ ውስጥ ለፈረንጅ አዳኞች መንገድ ይመራ ነበርና፣ የሙያ ባልደረባዬን ልጠይቅ እያለ ይወጣል። እዚያ ካለው ሱቅ ሁልጊዜ ያንኑ ካርድ ይልክላታል፤ የብረት አጥር፣ ነጫጭ ድንጋይ፣ ጥድ። ጀርባው ላይ «እታለምዬ» ብሎ ይጀምራል። አሥራ አንዱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፈዋል።

ትራክ ያን ጠመዝማዛ መንገድ ስለማይወጣ፣ በማን መኪና ነው የምትወጣው ብላው ነበር አንድ ጊዜ። ሮሆቦት ታደርሰኛለች አላት፤ እዚያው ዴንቨር ከተማ ሬስቶራንት ያላት ሴት። አቤት ክትፎዋ፣ ብሎ ጨመረበት፣ አያድርስ ነው!

በሁለተኛው ሳምንት ንጋቱ አሥራ ሁለተኛውን ካርድ ከፖስታ ሳጥኑ አወጣሁት ብሎ ይዞ ገባ። እሷ ዓይኗ ተሸፍኖ ማንበብ አትችልምና አነበበላት።

«ውድ ባለቤቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ...»

ውድ ባለቤቴ? እታለማሁ ካርዱን ተቀብላ ዳበሰችው። የፊተኞቹ ጥግ ጥጋቸው ተጎሳቁሎ ነበር የሚደርሱት፤ ይሄ ምላጭ ነው። ቴምብር የሚለጠፍበትን በአውራ ጣቷ ፈለገች። ለስላሳ ነው። በፖስታ የመጣ አይደለም።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ባልና ጓደኛ ተማክረውባታል። እታለምዬ ቀርታ ውድ ባለቤቴ የተባለችው ሌላ እታለም ስለተገኘች ነው። ቅናት እንደ ሚጥሚጣ ለበለባት። ግን ጥርሷን ነከሰች። ለሮሆቦት ክትፎ ብዬ ዓይኔን አላጠፋም አለች፤ ደግሞም አላጠፋችም።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ጥርጣሬዋን አጸናላት። የንጋቱ ሚስት ትብለጥና የማኅበር ሴቶች በየተራ እየመጡ አብረዋት ይውላሉ፤ ከፈለ ሲነሳ ወሬ ይለውጣሉ። የስልኩ ብርሃን ዓይንሽን ይጎዳል ብለው ስልኳን ወሰዱባት። የአማርኛውን ሬዲዮ አጠፉባት። ቤተ ክርስቲያን ሰው ይገፋሻል ብለው አስቀሯት። ትብለጥ ስታቅፋት አለቅ ትላለች። በዓይኗ ሽፋን ጠርዝ የትብለጥ ጥቁር ልብስ ብዥ ብሎ ታይቷት ብትጠይቃት፣ አክስቴ አርፋ ነው አለቻት። እንግዲያስ ለቅሶ ልድረስሽ ብትል፣ ሁሉም ባንድ አፍ ከለከሏት። ያዝኑልኛል፣ አገር ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት፣ ብላ ተብሰለሰለች።

ሌሊት ሌሊት ያ መቃብር በሕልሟ ይመጣ ጀመር። ከፈለ አጥሩን ይዞ ቆሞ ያያታል፣ አይናገርም። አንድ ቀን ንጋቱን ያዘችው።

«ያ ቡፋሎ ቢል በበረዶ ወራት ሞቶ አምስት ወር ያህል ሳይቀበር ቆየ ያለኝ ከፈለ ነው። እንዴት ነው ሰው ሬሳ አስቀምጦ እንቅልፍ የሚወስደው?»

«አይወስደውም፣ እትዬ» አለ ንጋቱ። ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነስቶ ኩሽና ውስጥ ብዙ ቆየ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ለራሷ።

ስድስተኛው ሳምንት ሞላ። ንጋቱ ከቤቷ ብዙ ወደማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ሐኪሙ ዘንድ ወሰዳት። ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ተከትሏቸው ኖሯል፤ እንኳን ዓይንዎ በራ ሊሉ ነው አላት። ደስ አላት። መንገዱን ሁሉ ግን የምታስበው ዴንቨርን ነበር። ነገ ቲኬት ትቆርጣለች፤ ሮሆቦትን ከነክትፎዋ ታገኛታለች፤ ለከፈለ የምትለውን ስድብ ስድስት ሳምንት ሙሉ ቃል በቃል አዘጋጅታለች።

ሐኪሙ ሽፋኑን አነሳ። መጀመሪያ መስኮቱን፣ ቀጥላ ንጋቱን አየች። ጺሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

«ምነው፣ ባገሩ ምላጭ ጠፋ?» አለችው።

ሐኪሙ ስፌቱ ይዟል፣ ድናለች አለ። ይህን ንጋቱ መተርጎም አላስፈለገውም፤ ሆቴል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ የለመደችው እንግሊዝኛ ይበቃታል። ጥያቄ አላችሁ ወይ? ሲላቸው የለንም ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ቦርሳዋንም አነሳች።

ንጋቱ ግን ቆቡን አወለቀ፣ ወደ ሐኪሙም ጠጋ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ «አሁን ማልቀስ ትችላለች?»