የሰኞዋ ብልቃጥ

ሰኞ ጠዋት በዚያ ቤት ቁርስ የሚቀርበው ብልቃጧ ከሞላች በኋላ ነበር። ልጁ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ እናቱ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠብቃለች፤ አባቱ የሹፌር ዩኒፎርሙን ለብሶ ሰዓቱን ያያል።

«ቶሎ በል። ሰኞ ማርፈድ አይቻልም» ይላል አባት።

ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው። ብልቃጧን ለእናቱ ሲሰጥ ዓይኗን አያይም። ዓይኑ ቀልቷል። አናጢ ቤት እንጨት ሲያለሰልስ ስለሚውል የእንጨት ብናኝ ነው ይላል። እናቱ ልታምነው ትፈልግና ታናሽ ወንድሟ ትዝ ይላታል። እሱም ዓይኑ ሲቀላ ምክንያት አያጣም ነበር።

ወንድሟ ካናቢስ ማጨስ የጀመረው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በሃያ ዓመቱ ግድግዳው ሰደበኝ አለ። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ሄዳ ሰላም ስትለው ግን የሚመልሰው ከኋላዋ ለቆመ ሰው ነው። ከኋላዋ ማንም የለም። እሷም ቤቷ ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትሰፋ ዞር ብላ ማየት ለምዶባታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና በማንም መፍረድ አይቻልም።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት በአንድ ጃኬት ነው። አባትና ልጅ በብርድ ጊዜ ቀድሞ የወጣው የሚለብሰው አንድ ወፍራም ጃኬት አላቸው። የተቀደደ ገበሩን ልትጠግን ስትገለብጠው ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት ወደቀ። ውስጡ የደረቀ ቅጠል ነበር። ሽታውን ታውቀዋለች፤ ካናቢስ ነው።

ለባሏ ስታሳየው መልሶ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«የልጅሽ ነው» አላት በኋላ። «የአጎቱ ደም መች ይለቀዋል?»

ልጁ ተጠርቶ ተጠየቀ። «እኔ አይደለሁም፣ እማዬ» አለ።

«ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሲዋሽ ታያለሽ?» አለ አባት።

በሳምንቱ ባሏ መላ ይዞ መጣ። ላብራቶሪ የሚሠራ የሚያውቀው ሰው አለ፤ ሰኞ ሰኞ የልጁን ሽንት ይመረምርላቸዋል። ብልቃጧ ግን መቀዝቀዝ የለባትም፤ ከቀዘቀዘች ዋጋ የላትም። እናትየዋ ከወፍራም ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፋችላት፤ ባሏ ወገቡ ላይ የሚያስረው፣ ከሸሚዝ ሥር የማይታይ። ልብስ ሰፊ ከሆነች ወዲህ እንዲህ ደጋግማ እየፈታች የሰፋችው ነገር የለም።

ሰኞ ማታ ባሏ ገብቶ «ንጹሕ ነው» ይላታል። እሷ እፎይ ስትል ይጨምርበታል። «ስለምንጠብቀው ነው። አንድ ሰኞ ብንዘል በማግሥቱ ይጀምራታል።» ከዚያ ራቱን ደርቦ ይበላል፤ የነገራትን ወሬ እንደ አዲስ ይነግራታል፤ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። የእሱም ዓይን ይቀላል። ለልጁ ተደብቆ የሚያለቅስ ይመስላትና አንጀቷን ይበላታል። ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች።

ልጁ ማውራት ቀነሰ። ራቱን ክፍሉ ይዞ ገብቶ ይበላል። በሩን በዘጋ ቁጥር እናቱ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ብቻውን ሲያወራ እንዳትሰማው እየጸለየች።

ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። እዚያ የልጃቸው፣ የባላቸው፣ የእህታቸው ማጨስ ያሳሰባቸው ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የምታወያያቸው አሮጊት ነርስ ነገር አታሳምርም።

«ያጨሰ ሁሉ አያብድም» አለቻቸው በዚያ ሐሙስ። «ግን በልጅነቱ የጀመረ፣ አዘውትሮ የሚያጨስ፣ በቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አደጋው ይበዛበታል። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያዋራው ያስፈልገዋል።»

ሲበተኑ ልብስ ሰፊዋን ለብቻዋ ያዘቻት።

«እህቴ፣ የምርመራውን ወረቀት አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ባለቤቴ ያየዋል።»

«በይ ብልቃጡን ተዪውና ልጁን ጠይቂው። የሚልሽን እስከ መጨረሻ ስሚው፤ አታቋርጪው።»

ያን ቀን ልጁ ሥራ አልነበረውም። እናቱ መኪናዋን አቁማ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልጄ፣ ዛሬ ምርመራ የለም። እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣም።»

ልጁ ቀና ብሎ አያት።

«አራት ወር ሙሉ አልነካሁም» አለ። «አንድ ቀን እንኳ አላመናችሁኝም። ቅዳሜ ማታ የሥራ ቤት ልጆች ሲያጨሱ ሰጡኝ። ስሙ አንዴ ከተለጠፈብኝ ምን ቀረኝ ብዬ ተቀበልኩ።»

እናቱ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«የመጀመሪያዬ ነው፣ እማዬ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ልቤ ሲደልቅ ዋለ። ሰው የጠራኝ እየመሰለኝ ደጋግሜ ዞርኩ። ፈራሁ።»

ክው አለች። አራት ወር በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ የፈራችውን ነገር በእጇ ጎትታ ያስገባችው መሰላት። እቅፍ አደረገችው፤ ትከሻው ከሳሳ ቆይቷል፤ አላየችውም ነበር።

«ሐሙስ ሐሙስ አብረን እንሄዳለን» አለችው። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አባዬስ ሰኞ ማታ ምን አለሽ?»

«ምኑን?»

«ቅዳሜ አጭሼ ሰኞ ጠዋት ነው የሰጠሁት። ይታወቅብኛል ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

እናቱ አሰበች። ሰኞ ማታ ባሏ ጫማውን እያወለቀ ያላት ትዝ አላት።

«ንጹሕ ነው አለኝ» አለች ቀስ ብላ።

ተያዩ። ስልኩ ጮኸ፤ እናትየዋ አነሳችው።

«ከአውቶቡስ ድርጅቱ ነው የምደውለው፣ እመቤት፤ ሹፌሮቻችን ሁሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይመረመራሉ፤ ባለቤትዎ በዚህ ሰኞ በሰጡን ሽንት ካናቢስ ስለተገኘ ከመሪ አንሥተናቸዋል።»